ጨጓራው ሳይነካ የተዘጋ ሆድ

ሰው ስለ አንድ በሽተኛ «ከፍተው ዘጉት» ብሎ ድምፁን ዝቅ ካደረገ ሰሚው ሌላ ማብራሪያ አይጠይቅም። ሮቤም ሆነ ጎባ፣ አዲስ አበባም ሆነ ጎንደር፣ ይህ አነጋገር ሐኪም ተስፋ የቆረጠበት ሕመም ተደርጎ ይወሰዳል። እንግዲህ ክብደት ለመቀነስ ኦፕራሲዮን ልትደረግ ከሮቤ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛ አዲስ አበባ የተኛች አንዲት ነጋዴ እናስብ። ገንዘቡን በስንት መከራ አጠራቅማለች፤ ቤተሰቧንም በስንት ልመና አሳምናለች። ከማደንዘዣው ስትነቃ ሆዷ ላይ አራት አምስት ትንንሽ ፋሻ አለ፤ ያማታል፤ ጨጓራዋ ግን እንዳለ ነው። «ጀምረን አቁመነዋል» ይሏታል። ምን እንደተደረገላት፣ ለምን እንደቆመ፣ ከእንግዲህስ ምን መንገድ እንዳላት ቁጭ ብሎ የሚያስረዳት ካላገኘች፣ ቤቷ ስትገባ የሚጠብቃት ያ የሰፈር ወሬ ነው።

ጉዳዩ የጥቂት ባለጠጎች ብቻ አይደለም። በአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች መካከል ከልክ ያለፈ ክብደት የነበራቸው እ.ኤ.አ. በ2000 3 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 8 በመቶ ደርሰዋል። በዚያው ዘመን ከመጠን በላይ የከሱት ደግሞ ከ30 ወደ 22 በመቶ ወርደዋል። ሱቅ ተቀምጦ የሚውል፣ በባጃጅ የሚመላለስ የከተማ ሰው በሮቤም በዝቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 የዘርፉ ዓለም አቀፍ ማኅበራት ባወጡት መመሪያ ቢኤምአዩ (ክብደት ከቁመት ጋር ተነጻጽሮ የሚሰላ መለኪያ) 35 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ኦፕራሲዮኑ ይመከራል፤ እንደ ስኳር ያለ በሽታ ላለበትም ከ30 ጀምሮ ሊታሰብ ይችላል።

በብዛት የሚሠራው ስሊቭ የሚባለው ነው። ከጨጓራው 80 በመቶ ገደማ ተቆርጦ ይወጣል፤ የቀረው ቀጭን ቱቦ ይሆናል። ሰው ቶሎ የሚጠግበው ቦታው ስለጠበበ ብቻ አይደለም፤ ግሬሊን የተባለውን የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚያመነጨው ክፍል አብሮ ስለሚወገድም ነው። የተቆረጠ ጨጓራ ተመልሶ አይቀጠልም። ሐኪሙ ቆም ብሎ የሚያስብበት የመጨረሻ ቦታም ጨጓራውን እየሰፋ የሚቆርጠውን ስቴፕለር ከመጫኑ በፊት ያለችው ደቂቃ ናት።

ሥራው በአብዛኛው የሚከናወነው በላፓሮስኮፒ ነው። ሆዱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል፣ ካሜራው በትንሽ ቀዳዳ ይገባል፣ ሞራና አንጀቱ ወደ ታች እንዲወርድ አልጋው ከራስጌው ከፍ ይላል። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ጉበት ይመጣል። ጤናማ ጉበት ጠርዙ ስስ ነው፤ ቀለሙ ወደ ጥቁር ቀይ ያደላል። ስብ የሞላው ጉበት ግን ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ጠርዙ ይደነድናል፣ በመሣሪያ ሊያነሱት ሲሞክሩ ይሰነጠቅና ይደማል። የግራ ክንፉ የሚያርፈው ደግሞ በጨጓራው የላይኛው ጫፍ ላይ፣ ሐኪሙ የግድ ሊደርስበት በሚገባው ቦታ ላይ ነው። ክንፉ አልነሳ ካለ የመቁረጫው መስመር ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልቅ አይታይም። ሳያዩ የቆረጡት ጨጓራ ሊያፈስ ይችላል፤ የሚያፈስ ጨጓራ ደግሞ ሕይወት ይቀጥፋል።

ሌላው የማቆሚያ ምክንያት ጠባሳ ነው። በአገራችን ደጋ የአንጀት መጠምዘዝ የታወቀ ድንገተኛ ሕመም ስለሆነ ከዓመታት በፊት ለእሱ የተከፈተ ሆድ ጥቂት አይደለም። የሆድ ቲቢም አለ፤ ሰውየው ሳያውቀው አንጀቱን እርስ በርሱና ከሆዱ ግድግዳ ጋር አጣብቆት ሊቆይ ይችላል። አንዳንዴ በሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ምክንያት የጠጠረና ጉብጉብ ያለ ጉበት ይገኛል። ከብትና በግ በሚረባበት፣ ውሻም አብሮ በሚያድርበት አገር ደግሞ ከውሻ በሚተላለፍ ትል የተነሳ ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሊገጥም ይችላል። ያ ከረጢት ሳይታሰብ ቢፈነዳ ለሞት የሚያደርስ የሰውነት ቁጣ ሊያስነሳ ስለሚችል፣ ለሌላ ጉዳይ የገባ ሐኪም በሩጫ አይነካካውም።

ማቆሚያው ከሰመመን ባለሙያው ሊመጣም ይችላል። አዲስ አበባም ሮቤም 2,400 ሜትር አካባቢና ከዚያ በላይ ናቸው፤ ጎባ 2,700ን ያልፋል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት፣ ከእሱም ጋር የምንስበው ኦክሲጅን፣ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ደገኛ ሰውነት ይህን በራሱ መንገድ ይለምደዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በባሌ ከፍተኛ ቦታ የሚኖሩ ኦሮሞዎች በሰሜን ተራሮች ከሚኖሩ አማሮች ከፍ ያለ ሄሞግሎቢን (ኦክሲጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) እንዳላቸው አሳይቷል። ውፍረት ግን ሌላ ጫና ይጨምራል። የተኛን ሰው ሳንባ ከታች ይገፋዋል፤ ሆዱ በጋዝ ሲነፋ ድያፍራሙ ይበልጥ ይወጣል፤ በእንቅልፍ ትንፋሽ የሚቆራረጥባቸው ሰዎችም በወፍራሞች ዘንድ ብዙ ናቸው። ኦክሲጅኑ ወርዶ አልመለስ ካለ ጋዙ ይለቀቃል፣ አልጋው ይስተካከላል፣ ያም ካልረዳ ሥራው ይቆማል። ይህን የሚወስን ቡድን ሥራውን በአግባቡ የሠራ ቡድን ነው ብዬ አምናለሁ፤ በሽተኛዋ በዚያች ሰዓት ይህን መቀበል ቢከብዳትም።

በግማሽ መንገድ ማቆም ሽንፈት አለመሆኑን የዘርፉ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ኒው ዮርክ ውስጥ ሚሼል ጋኜ የተባለው ቀዶ ሐኪምና ባልደረቦቹ እጅግ ወፍራም ለሆኑ ሰዎች ጨጓራንም አንጀትንም የሚነካ ረጅምና ከባድ ኦፕራሲዮን ይሠሩ ነበር፤ ጉዳቱም በዛባቸው። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ከፈሉት፤ መጀመሪያ ጨጓራውን ብቻ ያጠባሉ፣ የአንጀቱን ሥራ በሽተኛው ከቀነሰ በኋላ ለሌላ ቀን ያቆያሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጽሑፍ በዚህ አካሄድ የታከሙ 7 ሰዎች ቢኤምአያቸው በአማካይ ከ63 ወደ 50 ከወረደ በኋላ ሁለተኛውን ኦፕራሲዮን እንደተደረጉ ተጽፏል። እየቆየ የመጀመሪያው ደረጃ ብቻ የበቃቸው ሰዎች እየበዙ መጡ። ዛሬ በዓለም ከሁሉ በላይ የሚሠራው ስሊቭ እንዲህ ራሱን ችሎ የወጣ ሕክምና ነው።

ወደ ነጋዴዋ እንመለስ። ከማደንዘዣ በነቃችበት ሰዓት የተነገራትን አብዛኛውን ነገር አታስታውሰውም፤ መድኃኒቶቹ ትውስታን ያደበዝዛሉ። ስለዚህ ሐኪሙ በማግስቱ፣ የምታምነው ዘመድ ባለበት፣ እንደገና ሊነግራት ይገባል፤ ካልመጣም ትጠይቅ። ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ «የተቆረጠ ወይም የተሰፋ ነገር አለ ወይ?» የሚለው ነው። ምንም ካልተቆረጠ ምግቧን ቶሎ ትጀምራለች፤ ስቴፕለሩ አንድ ጊዜ እንኳ ሠርቶ ከሆነ ግን ክትትሉ ሌላ ነው። ናሙና ተወስዶ እንደሆነም ትጠይቅ፤ ውጤቱ ሳይመጣ «ካንሰር ነው» ወይም «አይደለም» የሚል ዘመድ አይሰማ።

ትከሻዋን ቢያማት አትደንግጥ፤ ሆዷ ውስጥ የቀረው ጋዝ ድያፍራሙን ሲነካ ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል፤ በጥቂት ቀናት ይጠፋል። ትኩሳት፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የልብ ትርታ መፍጠን ካለ ግን የተጣበቀው ሲላቀቅ አንጀት ተነክቶ ሊሆን ይችላልና ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል፣ ሮቤ ከደረሰች ወደ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል፣ መሄድ ነው። ወደ ሮቤ ስትመለስም መኪናው በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ይቁምላትና ትራመድ፤ ከኦፕራሲዮን በኋላ ረጅም መቀመጥ እግር ላይ ደም ያረጋል። የስኳር በሽተኛ ከሆነች አንድ በቀላሉ የሚረሳ ነገር አለ። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ምግቧ ሲቀነስ ኢንሱሊኗ ወይም ግሊቤንክላማይዷ አብሮ ተቀንሶላት ሊሆን ይችላል። ወደ ቀድሞ ምግቧ ስትመለስ መጠኑ እንደገና በሐኪም ይታይ።

ቤት ስትደርስ ጠያቂ ይመጣል። «አላህ ያሽርሽ»፣ «እግዜር ይማርሽ» እያለ፣ ቅቤ የጠጣ ገንፎ፣ አጥሚት፣ ጭኮ ይዞ። ይህ ፍቅር ነው፤ እሷ ግን ሐዘን ላይ ናት። ወራት ሙሉ የጠበቀችው ነገር አልሆነም፤ «ወፍሬ ነው ያልሠሩልኝ» የሚል እፍረትም ይጨመርበታል። ማልቀሷን ማንም አይከልክላት። የወፈረ ጉበት የበሽታው አካል እንጂ የስንፍናዋ ምልክት አይደለም። ለጠያቂው መልስ የሚሰጥ አንድ ሰው፣ እህቷም ትሁን ባሏ፣ ቢወከልላት ትልቅ እረፍት ነው፤ «ጉበቷ ከብዶ ስለተገኘ ሐኪሞቹ ለሌላ ጊዜ አቆይተውታል» ማለት፣ እውነቱ ያ ከሆነ፣ ወሬውን ይዘጋዋል። ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና ፍላጎት ከጠፋት ደግሞ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማየት ተገቢ ነው።

የሚቀጥለው መንገድ በምክንያቱ ይወሰናል። ጥፋቱ የጉበት ስብ ከሆነ ተስፋው ቅርብ ነው። ጉበት ስኳርን የሚያከማቸው በብዙ ውሃ ለውሶ ስለሆነ፣ ምግብ በጣም ሲቀነስ ቶሎ ይጎድላል። በ12 ሳምንት የተቀነሰ ምግብ ላይ በተደረገ ጥናት ከጉበቱ መቀነስ 80 በመቶው የታየው በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ነው። ይህ ከጾም ይለያል፤ ፕሮቲኑ የተጠበቀ፣ ሐኪም የሚከታተለው አመጋገብ ነው። ጠባሳ ወይም የጠጠረ ጉበት ከሆነ ሌላ ዓይነት ኦፕራሲዮን፣ ወይም ያለ ኦፕራሲዮን መታከም ሊመረጥ ይችላል። ሴማግሉታይድ የተባለው በሳምንት አንዴ የሚወጋ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ጥናት በ68 ሳምንታት በአማካይ 15 በመቶ ያህል ክብደት ቀንሷል፤ ዋጋው ግን ለብዙ ቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም። በብሪታንያ በተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ቁጥጥር በተደረገበት ምግብ ብቻ ከስኳር በሽተኞቹ 46 በመቶው በአንድ ዓመት ውስጥ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ወደ ደህና መጠን ወርዷል።

ከሆስፒታሉ ሳትወጣ የኦፕራሲዮኑን ሪፖርት በጽሑፍ፣ ካለም ካሜራው ያነሳቸውን ፎቶዎች፣ ትቀበል። ጉበቱ ምን ይመስል እንደነበር፣ የቱ ከየት እንደተጣበቀ፣ ኦክሲጅኑ ስንት ላይ እንደወረደ ተጽፎ ይሁን። አንድ ቅጂ ጎባ ለሚከታተላት ሐኪም ይድረስ፤ ሁለተኛ የሚገባ ቀዶ ሐኪም ካለ መጀመሪያ የሚጠይቃት ያን ወረቀት ነው።