የጥዱ ልብ፦ በአቦከር ከአንድ አሮጌ ጣሪያ ሥር

በሐረር ከተማ፣ በአቦከር ከሚገኝ አንድ አሮጌ ቤት ደጃፍ ስንደርስ ከጣሪያው የወረዱ እንጨቶች በግድግዳው ጥግ ተደርድረው አገኘናቸው። ጥላሸት የጠጡ፣ ጫፍ ጫፋቸው የተበላ ነበሩ። የቤቱ ባለቤት የሆኑት አዛውንት እናት፣ ጣሪያው ማፍሰስ በመጀመሩ ግማሹ እንደተነሣና እንጨቱም ለማገዶ እንደሚፈለጥ ነገሩን። «ምስጥ የጀመረው እንጨት ሌላ ምን ይሆናል ልጆቼ?» አሉን። ጥያቄያቸው ተገቢ ስለነበር ለመመለስ ቢላዋ አውጥተን የአንዱን ጎን ፋቅን። ከጥቁሩ ሽፋን ሥር ቀላ ያለ ጠንካራ እንጨት ብቅ አለ፤ ሽታውም ማንኛውም ተማሪ የሚያውቀው፣ አዲስ የተቀረጸ እርሳስ ሽታ ነበር። እንጨቱ የአገራችን ጥድ ነው።

እንደሚታወቀው የሐረር ጀጎል ቤቶች በድንጋይና በጭቃ ይታነጻሉ፤ ቤተሰብና እንግዳ በየማዕረጉ የሚቀመጥባቸው ነደባዎችም የሚሠሩት ከዚሁ ነው። ጣሪያው ግን የእንጨት ሥራ ነው። ቀጫጭን ግንዶች ጎን ለጎን ይደረደራሉ፤ በላያቸው አፈር ይደመደማል። ይህ አሠራር የሚጠይቀውን ጉልበት በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። የአፈሩ ውፍረት 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና አንድ ሜትር ኩብ ደረቅ አፈር 1,600 ኪሎ ግራም ቢመዝን፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 320 ኪሎ ግራም ያርፋል። 3 በ4 ሜትር የሆነ ክፍል እንግዲህ ወደ 4 ቶን የሚጠጋ ሸክም በራሱ ላይ ይዞ ያድራል ማለት ነው፤ ዝናብ ሲጠጣ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ዛሬ በብዙ ቤቶች ላይ የምናየው ቆርቆሮ በካሬ ሜትር 5 ኪሎ ግራም እንኳ አይሞላም።

የጥንቶቹ ግንበኞች ስሌቱን በወረቀት ባይጽፉትም በእጃቸው ያውቁት ነበር። የአንድ ክብ ግንድ ሳይሰበር የመሸከም አቅም በዲያሜትሩ ኩብ ያድጋል። ስለዚህ 12 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግንድ ከ10 ሳንቲ ሜትሩ በ1.7 እጥፍ ይበልጣል፤ ልዩነቱ ለዓይን ግን ሁለት ጣት አይሞላም። የርዝመት ነገር ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ግንዱ በረዘመ ቁጥር ይዳከማል። የክፍሎቹ ጠባብነት የቦታ እጥረት ብቻ የሚመስለው ሰው ቀና ብሎ ጣሪያውን ቢመለከት ሌላ ምክንያት ያገኛል።

ጥድ ለዚህ ሥራ የተመረጠው በጥንካሬው ብቻ አይደለም። ዛፉ ሲያረጅ የግንዱ መካከል ውኃ ማመላለሱን ያቆምና ዘይትነት ባላቸው ውሁዶች ይሞላል። ሴድሮል የተባለው ከእነዚህ አንዱ ነው። ለእኛ መልካም መዓዛ የሆነው ይህ ዘይት ለምስጥና ለፈንገስ መርዝ ነው። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጣ ያለ ክፍል ግን ይህ መከላከያ ስለሌለው ቶሎ ይበላል። ከዚህ የተነሣ ምስጥ ያገኘው የጥድ እንጨት ከውጭ ሲታይ ያለቀለት ይመስላል፤ ልቡ ግን ደኅና ሊሆን ይችላል። የአዛውንቷ እንጨቶችም ነገር እንዲሁ ነበር።

ታዲያ ጫፎቹ ለምን በሰበሱ? ፈንገስ እንዲያድግ የእንጨቱ እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ ገደማ ማለፍ አለበት። ክፍሉ መካከል ያለው የግንዱ አካል ከምድጃው ጢስ ጋር እየኖረ ይደርቃል፤ ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ጫፍ ግን በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ለወራት እንደራሰ ይቆያል፤ ለረጅም ዘመን ከራሰ ደግሞ የጥድ ዘይትም እየታጠበ ያልቃል። የበሽታው ምንጭ እንግዲህ ውኃው ነው። ከክረምት በፊት ጣሪያውን በጭቃ መምረግ የተተወ ዕለት የእንጨቱ ዕድሜ መቆጠር ይጀምራል።

የወረደውን ጥድ በአዲስ ጥድ መተካት ቀላል አይደለም። ዛፉ ለጣሪያ የሚሆን ቀይ ልብ እስኪያበጅ አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የደን አዋጅም ጥድን ከዋንዛ፣ ከኮሶና ከዝግባ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። በምትኩ የሚገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍን ለመውቀስ አንፈልግም፤ ባይኖር ኖሮ ቀሪው ደን ምን ይሆን እንደነበር መገመት አያዳግትም። ነገር ግን በጥቂት ዓመት ዕድሜው የተቆረጠ ቀጭን አጣና አብዛኛው ነጭ እንጨት ስለሆነ ለምስጥ የተዘጋጀ ገበታ ነው። እርጥቡን ቸኩለው ከሰቀሉትም ይሰነጠቃል፤ እንጨት ሲደርቅ በክቡ ዙሪያ የሚኮማተረው ወደ መሐሉ ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ስለሆነ ግንዱ ከዳር ወደ ልቡ መተርተሩ አይቀርም። በጥላ ሥር ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ ነፋስ በመካከሉ እንዲያልፍ ደርድሮ ቀስ ብሎ ማድረቅ ጉዳቱን ይቀንሳል።

አሁን ወደ ማገዶው ጥያቄ እንመለስ። 3 ሜትር ርዝመትና 12 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ የጥድ ግንድ 20 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ሲነድም 320 ሜጋ ጁል ገደማ ሙቀት ይሰጣል። በሦስት ጉልቻ ምድጃ ከዚህ ውስጥ ለድስቱ የሚደርሰው 10 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው ብንል 32 ሜጋ ጁል ይሆናል። በሐረር ከፍታ ውኃ በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሚፈላ፣ ይህ ሙቀት 100 ሊትር ያህል ውኃ ያፈላል። ብዙ አሥርት ዓመታት ያደገ፣ ከዚያም ቤት ተሸክሞ የኖረ ዛፍ በጥቂት ቀናት ሻይና ቡና ያበቃል ማለት ነው።

ስሌቱን ለአዛውንቷ አስረዳናቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና በአካባቢው የሚሠሩ አናጢ አስጠሩ። አናጢው ቁጥር አልጠየቁንም፤ እያንዳንዱን ግንድ በመጥረቢያ ማጀርባ እያንኳኩ አዳመጡ፤ ጥርት ያለ ድምፅ የሰጠውን ለብቻ፣ የደነቆረውን ለብቻ አኖሩት። ከ11ዱ 7ቱ ዳኑ። የበሰበሱት ጫፎች ተቆርጠው ሲወድቁ ግንዶቹ አጥረው ለዋናው ክፍል የማይደርሱ ሆኑ፤ ለጠባቡ ጓዳ ግን ይበቃሉ። አዛውንቷ የተቆረጡትን ጫፎች ሰብስበው ወደ ምድጃው ይዘው ገቡ፤ ቡናውም በእነሱ ተፈላልን።