ዓባይ በረሃ፣ የትንሽ መኪና ፈታኝ

«ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይላል ያገራችን ሰው። መኪና ለመግዛት ዕቁብ የሚጥል ወጣት የመንግሥት ሠራተኛም ይህን ተረት ቢያስታውስ ይጠቀማል። በአዲስ አበባ ከቦሌ እስከ ፒያሳ ደርሳ የተመለሰች መኪና ሁሉ ደኅና ትመስላለችና። ቀለሟ ያበራል፣ ወንበሯ ይመቻል፣ ሻጩም አንደበተ ርቱዕ ነው፤ ስለዚህ ገዢው ገንዘቡን ቆጥሮ ከመስጠት በቀር ሌላ ነገር አይታየውም። የመኪናዪቱ እውነተኛ ጠባይ የሚታወቀው ግን ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዳ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግራ፣ ደጀን ላይ ስትወጣ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ እርስዎ ምናልባት በደብረ ማርቆስ የሚማሩ ተማሪ ነዎት፤ ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት በቅርቡ ተቀጥረው የመጀመሪያ ደመወዝዎን እየቆጠሩ ይሆናል። ዛሬ ለብቻዎ መኪና የመግዛት ዐቅም ባይኖርዎትም፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ባልንጀሮችዎ ጋር ገንዘብ አዋጥተው አንዲት አሮጌ መኪና ለመግዛት ማሰብዎ አይቀርም። እንግዲያውስ ለትንሽ ደመወዝ ከሚቀርቡት መካከል አንዲቱን፣ ሕዝቡ «ዲኤክስ» የሚላትን ቶዮታ ኮሮላ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል አብረን እየነዳን እንመርምራት።

ዲኤክስ ማን ናት?

«ዲኤክስ» የሚሉት ሁለት ፊደላት ፋብሪካው የመኪናዪቱን የምቾት ደረጃ ለመለየት የለጠፋቸው ናቸው እንጂ ስሟ አይደሉም። በእኛ አገር ግን ምልክቱ ስም ሆኖ ቀረ። እዚህ የምንመረምራት የኮሮላን አራተኛ ትውልድ ነው፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1979 በጃፓን አገር ለገበያ የቀረበው ነው። ባለ አራት በር፣ ማዕዘኗ የቀና፣ ከኋላ የዕቃ መጫኛ ያላት መኪና ናት። ሞተሯ ከፊት ነው፤ መኪናዪቱን የሚገፉት ግን የኋላ ጎማዎች ናቸው። አራት ሲሊንደርና 1,290 ሲሲ ይዘት ያለው፣ ቤንዚኑን በካርቡራተር የሚቀበል ሞተር ሲሆን፣ ጉልበቱ 60 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው። የመኪናዪቱ ክብደት ከ900 ኪሎ ግራም ብዙ አይርቅም።

ከእርሷ በፊት የነበሩትን ትንንሽ መኪኖች አባትዎ ሳያጫውቱዎት አይቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1955 በ633 ሲሲ ሞተር የወጣችው ፊያት 600፣ ማለትም ሴይቼንቶ፣ በአዲስ አበባ ታክሲ ሆና ብዙ ሰው አመላልሳለች። ቮልስ ደግሞ ሞተሩን በነፋስ የሚያቀዘቅዝ ስለሆነ ራዲያተር የለውም፤ ስለዚህ በረሃ ላይ የሚፈላ ውኃ አልነበረውም። ከፊያት 124 የተወለደችው የሩሲያዋ ላዳ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ የታክሲውን ሥራ ወረሰች። ዲኤክስ ከእነዚህ ሁሉ የምትለይበት የተለየ ብልሃት የላትም። ትርፏ ቀላልነቷ ነው፤ አንድ የጋራዥ ሠራተኛ ኮፈኑን ከፍቶ የሚያየው ነገር ሁሉ እጁ የሚደርስበት ነው።

ከመነሳት በፊት

መኪናዪቱን ሊያዩ ሲሄዱ በማለዳ ይሂዱ፤ ሻጩም ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያሞቀው ይንገሩት። የሞቀ ሞተር ብዙ ነውር ይሸፍናል። ኮፈኑን ከፍተው እጅዎን ሞተሩ ላይ ያሳርፉ፤ ሞቆ ካገኙት ምርመራውን ለሌላ ቀን ያቆዩት።

ቀዝቃዛ ሆኖ ካገኙት የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ። ውኃው ላይ ዘይት ተንሳፎ ከታየ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበላሽቷል ማለት ነውና ሌላ መኪና ይፈልጉ። ከዚያ ሞተሩ ይነሣ፤ እርስዎም ከኋላ ሆነው ጭሱን ይዩ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያመለክታል። በማለዳ ጥቂት ነጭ ጭስ ቢታይ አያስፈራም፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ከሆነ ግን ውኃ ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ነው። ጥቁር ጭስ ከቤንዚን መብዛት የሚመጣ ነው። በደጋ አገር አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ለባሕር ጠረፍ ከፍታ የተስተካከለ ካርቡራተር ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይሰጣል፤ ይህን ግን ዐዋቂ ሠራተኛ ያስተካክለዋል።

ቀጥሎ የፍሬኑን ፔዳል አጥብቀው ረግጠው አንድ ደቂቃ ያህል ይቆዩ። ፔዳሉ ቀስ በቀስ ወደ ታች ከሰጠመ ፍሬኑ ግፊቱን አይዝም። ጎማውን ሲያዩ ጥርሱን ብቻ አይዩ፤ በጎኑ የተጻፉትን አራት አኃዞች ያንብቡ። 2319 የሚል ቢያገኙ ጎማው እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ በዕድሜ ብቻ ደርቆ ሊሰነጠቅ ይችላል። በመጨረሻም በሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናዪቱ ጋር ያስተያዩ።

እስከ ጎሐ ጽዮን

መንገደኛ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ከመነሳትዎ በፊት የመንገዱን ሰላምና በዓባይ በረሃ የአፈር መንሸራተት አለመኖሩን ይጠይቁ። የእንጦጦን ዳገት ወጥተው ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሲደርሱ መኪናዪቱ ቀለል ብላ ትሄዳለች። ጫንጮን፣ ሙከ ጡሪን፣ ደብረ ጽጌን፣ ገርበ ጉራቻን አልፎ እስከ ጎሐ ጽዮን 185 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

በዚህ ሜዳ የሚመረምሩት መሪውንና ሞላውን ነው። መንገዱ ቀጥ ባለበት፣ ኋላና ፊት መኪና በሌለበት ስፍራ፣ መሪውን ላላ አድርገው ይያዙ፤ መኪናዪቱ ወደ አንድ ወገን ከሳበች ምክንያቱ ይፈለግ። ሲዘገዩ ወደ ጎን የምትሳብ ከሆነ የአንዱ ጎማ ፍሬን ከሌላው የተለየ ነው፤ ይህ ሳይጠገን ወደ በረሃው አይውረዱ። ጉድጓድ ካለፉ በኋላም መኪናዪቱ እንደ ጀልባ ስትወዛወዝ ከቆየች አሞርዛተሩ አልቋል።

ቁልቁለቱ

ጎሐ ጽዮን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ድልድዩ ግን ከ1,000 ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህ በ20 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ውስጥ 1,400 ሜትር ያህል ይወርዳሉ ማለት ነው።

ይህን በቁጥር እንየው። መኪናዪቱ፣ አራት ሰዎችና ጓዛቸው አንድ ላይ 1,200 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናሉ። ይህ ክብደት 1,400 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል፣ ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ 50 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ሹፌሩ ማርሹን ዜሮ አድርጎ በፍሬን ብቻ ቢወርድ፣ ያ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው በአራቱ ጎማዎች ፍሬን ላይ ነው። ሸራው ሲግል መያዝ ይተዋል። ከዚያ የባሰ ደግሞ አለ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በፊት አይፈላም፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መፍያው ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ ፔዳሉ ውስጥ ባዶ ይሆናል፤ ሹፌሩ ይረግጣል፣ መኪናዪቱ ግን አትሰማም። በዚህ በረሃ የሰው ሕይወት የሚጠፋበት አንዱ መንገድ ይህ ነው፤ የዘይቱ መለወጫ ዋጋ ደግሞ ከአንድ ጎማ ዋጋ ያነሰ ነው።

ስለዚህ ዳገቱን በሚወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን ይውረዱ። ዲኤክስን በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ሲያወርዷት ሞተሩ ራሱ ይይዛታል፤ ፍሬኑንም ጥቂት ረግጠው መልሰው ይለቁታል። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከሸተተዎት ከመንገዱ ወጥተው በማርሽና በእጅ ፍሬን አቁመው ያሳርፏት። በጋለው ፍሬን ላይ ውኃ እንዳይደፉ። ከፊትዎ የሚያዘግም የጭነት መኪና ቢኖር፣ ጠመዝማዛው ላይ ለማለፍ አይሞክሩ፤ አሥር ደቂቃ ዘግይቶ ማርቆስ የገባን ሰው ማንም አይወቅሰውም።

ዳገቱ

እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ የተከፈተው ድልድይ 303 ሜትር ርዝመት አለው። እርሱን ሲሻገሩ ጎጃም ገቡ፤ ዳገቱም ይጀምራል።

ብዙ ሰው ትንሽ መኪና ዳገት ላይ የምትቸገረው በጉልበት ማነስ ይመስለዋል። በደጋው ከፍታ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ወይም ከዚያ በላይ ማጣቱ እውነት ነው። ነገር ግን ይህን 1,200 ኪሎ ግራም በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ለማውጣት፣ ለከፍታው ብቻ የሚያስፈልገው 13 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው። ዲኤክስ ከዚህ ብዙ እጥፍ አላት። የሚያስቸግራት ሙቀቱ ነው።

ውኃ በድልድዩ አጠገብ በ97 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ደጀን ላይ ግን በ92 ዲግሪ። እንግዲህ ሞተሩ እየደከመና እየጋለ በወጣ መጠን፣ ውኃው የሚፈላበት ልክ እየወረደ ይመጣል። ይህን የሚከላከለው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝ ውኃው 110 ዲግሪ እንኳ ቢያልፍ ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ጎማ ካለቀ ግን ራዲያተሩ እንደ ድስት ክዳኑን ከፍቶ እንደ መፍላት ይሆናል። ብዙ ገዢዎች ሞተሩን ሲያስፈትሹ ይህን ትንሽ ክዳን ይረሱታል። ቬንትሌተሩን የሚያዞረውን ቺንጋም እንደዚሁ ይዩት፤ የተሰነጠቀ ከሆነ ይለወጥ፣ አንድ ትርፍም ይያዝ።

የሙቀቱ መርፌ ሲወጣ ካዩ የመኪናዪቱን የውስጥ ማሞቂያ ይክፈቱ። በረሃ ላይ ማሞቂያ መክፈት የሚያስቅ ቢመስልም፣ ከሞተሩ ሙቀት ስለሚቀንስ ይረዳል። ካልበቃ ቆመው ያሳርፏት። የጋለ ራዲያተር ክዳን ግን ፈጽሞ አይክፈቱ፤ የሚፈናጠረው ውኃ ፊት ያቃጥላል።

ከደጀን ወደ ማርቆስ

ደጀን ላይ ቆመው ኮፈኑን ከፍተው ይመልከቱ። ዘይት ያንጠባጠበ፣ ውኃ የጎደለ ካለ የሚታየው አሁን ነው። ከዚያ በሉማሜ በኩል እስከ ማርቆስ ያለው 70 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለመኪናዪቱም ለሹፌሩም ዕረፍት ነው። በስተቀኝ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርሰው የጮቄ ተራራ አለ።

ማርቆስ ሲደርሱ የቤንዚኑን ሒሳብ ያውጡ። ሲነሱ ሙሉ አድርገው ከነበረ፣ እንደገና ይሙሉና የገባውን ሊትር ይጻፉ። በ300 ኪሎ ሜትር 27 ሊትር ቢገባ፣ በመቶ ኪሎ ሜትር 9 ሊትር ነው ማለት ነው። ይህን በየወሩ በሚነዱት መንገድ አባዝተው ከደመወዝዎ ጋር ያስተያዩት፤ ብዙ የመኪና ሕልም እዚህ ሒሳብ ላይ ይስተካከላል።

ከአስፋልቱ ወጥተው ወደ ወረዳ የሚሠሩ ከሆነ ሌላም ነገር ያስቡ። በክረምት መረሬው አፈር ጎማ ይዞ አይለቅም፤ በኋላ ጎማ የምትገፋ ቀላል መኪናም ብቻዋን ስትሆን ኋላዋ ይንሸራተታል። በዚያ ወራት ዲኤክስ ከአስፋልት ዳር ቆማ እርስዎ በእግር ወይም በበቅሎ ቢቀጥሉ ይሻላል።

የኤሌክትሪኳስ?

እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች በርክተዋል። በዓባይ በረሃ እነዚህ ሁለት ብልጫ አላቸው። ስስ አየር ጉልበታቸውን አይቀንሰውም፤ ቁልቁለት ሲወርዱም ሞተሩ ዲናሞ ሆኖ፣ ፍሬኑን ሊያግል ከነበረው ኃይል ብዙውን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ነገር ግን ባትሪው ምን ያህል እንደደከመ፣ በጉዞው ላይ የሚሞላበት ቦታ የት እንደሆነ ሳይጠይቁ አይግዙ። አሮጌ ባትሪ ያላት መኪና ደጀን ሳትደርስ ከቀረች፣ በጀሪካን ይዘው የሚሄዱላት ነገር የለም።

ፍርዱ

ዲኤክስ ለደጋ መንገድ የምትበቃ፣ ለመጠገን የማታስቸግር መኪና ናት። ጉድለቷን ግን አንሸሽገው። በግጭት ጊዜ የሚነፋ ከረጢት የላትም፤ ጎማ ሲቆለፍ የሚያስተካክል መሣሪያም የላትም። ቆርቆሮዋ ከአርባ ዓመት በላይ የኖረ ስለሆነ ከምንጣፉ ሥር ዝገት ይፈለግ። ቀበቶው የማይሠራ ከሆነ ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት ይህን ይጻፉ።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ዕቁቡ ሲወጣልዎት ገንዘቡን ሁሉ ለሻጩ አይስጡ፤ ከአምስት አንዱን እጅ ለብቻው ያኑሩት። በእርሱም የፍሬኑን ዘይትና ሸራ፣ የራዲያተሩን ክዳን፣ ቺንጋውን፣ ጎማዎቹንም ይለውጡ። ይህን የሚያስቀር ዋጋ ከጠየቁዎት፣ መኪናዪቱ የቱንም ያህል ብታምር፣ ለእርስዎ ደመወዝ ውድ ናትና ጥቂት ወራት ይቆዩ። እስከዚያው ወደ ማርቆስ የሚሄድ አውቶቡስ አይጠፋም።