የሳንጋኔብ አደራ፦ ጦርነት ደጃፉ የደረሰ የቀይ ባሕር ቅርስ

ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ከጠረፉ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ አንድ የመብራት ማማ በባሕር መሀል ቆሟል። ከሥሩ ደሴት የለም፤ የተሸከመው ኮራል ነው። ሳንጋኔብ ከ800 ሜትር ጥልቀት ተነሥቶ የውኃው ወለል ላይ የደረሰ፣ የረጋ ውኃ በመሀሉ ያቀፈ የኮራል ቀለበት ነው። በመካከለኛው ቀይ ባሕር እንዲህ ያለ አፈጣጠር ያለው እሱ ብቻ ነው። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1990 ብሔራዊ የባሕር ፓርክ አደረገችው። ዩኔስኮ ደግሞ በ2016 ከዱንጎናብ ባሕረ ሰላጤና ከሙካዋር ደሴት ጋር በአንድነት የዓለም ቅርስ ብሎ መዘገበው።

ይህን ሁሉ የገነቡት እጅግ ጥቃቅን እንስሳት ናቸው። በኮራሉ ሥጋ ውስጥ የሚኖር አልጌ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ እያዘጋጀ ይመግበዋል፤ ኮራሉም ለአልጌው መጠለያ ሆኖ የኖራ ድንጋይ አፅሙን ይሠራል። ወደ ቀይ ባሕር ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ ባለመኖሩ ውኃው ጥርት ያለ ነው፤ ብርሃኑም ወደ ጥልቁ ይዘልቃል። ሙቀቱ ከልክ አልፎ ለሳምንታት ሲቆይ ግን ኮራሉ አልጌውን ያስወጣል፤ ነጥቶም ይራባል።

በሳንጋኔብ ውጫዊ ግድግዳ፣ ገደሉ ቁልቁል በሚወርድበት፣ መዶሻ ራስ ሻርኮች ይዞራሉ። ከፖርት ሱዳን 125 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን የሚገኘው ዱንጎናብ ግን ሌላ ዓለም ነው። ባሕረ ሰላጤው የባሕር ሣር፣ ማንግሮቭ፣ ትናንሽ ደሴቶችና አሸዋማ ዳርቻዎች አሉት። ማንግሮቩ ደለሉን ይይዛል፤ ሥሮቹ መሀል ያደጉ ዓሦች ወደ ኮራሉ ይሻገራሉ። በዳርቻዎቹ የባሕር ኤሊዎች እንቁላል ይጥላሉ፤ ወደ ባሕረ ሰላጤውም ግዙፎቹ ማንታ ሬዮች ይመጣሉ። ሣሩን የሚግጠው ዱጎንግ የሚባል አጥቢ እንስሳ ነው። ሴቷ በዓመታት ልዩነት አንድ ግልገል ብቻ ስለምትወልድ፣ በመረብ የተያዙ ጥቂት ዱጎንጎች እንኳ የመንጋውን ዕጣ ይለውጣሉ።

አካባቢው የብዙ ታሪክ መዝገብም ነው። የባሕር ሊቁ ሲረል ክሮስላንድ በ1905 ዱንጎናብ ላይ ዕንቁ የሚሰጡ ዛጎሎችን ማርባት ጀመረ። ዣክ ኩስቶ በ1963 በአቅራቢያው ባለው ሻዓብ ሩሚ ከባሕር ሥር የመኖሪያ ቤት ተክሎ ሰዎች እንዲሰነብቱበት አደረገ። እኛን በቀጥታ የሚነካን ግን ኡምብሪያ የተባለችው የጣሊያን መርከብ ናት። ለጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ የታሰበ በሺዎች ቶን የሚቆጠር ቦምብ ጭና ስትጓዝ፣ ሰኔ 1940 ጣሊያን ወደ ጦርነቱ ስትገባ ካፒቴኗ ራሱ ፖርት ሱዳን ደጃፍ ላይ አሰመጣት። በአርበኞቻችን ላይ ሊዘንብ ይችል የነበረው ቦምብ ዛሬም በሆዷ አለ፤ አካሏን ኮራል አልብሶታል።

እስከ ዛሬ ይህን ሀብት ያቆየው ከጥበቃው ይልቅ ርቀቱ ነው። ርቀት ግን ዘላለማዊ አጥር አይደለም። ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ሱዳን እየተዋጋች ነው። መንግሥት መቀመጫውን ወደ ፖርት ሱዳን አዞረ፤ ተፈናቃዮችም ወደ ከተማዋ ጎረፉ። በግንቦት 2025 ድሮኖች የከተማዋን ነዳጅ ማከማቻ አቃጠሉ። በ2022 ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን አቡ አማማ ላይ አዲስ ወደብ ለመሥራት የተፈረመው የቢሊዮኖች ዶላር ውል በ2024 ቢሰረዝም፣ ባሕሩ ዳር የባለሀብት ዓይን እንዳረፈበት አሳይቷል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ቅርሱን «የዓለም» ብሎ ሰይሞ ጥበቃውን በጦርነት ለደቀቀች አገር ብቻ መተው ፍትሕ አይደለም። የሚያስፈልገው ይታወቃል፦ ለጠባቂዎች ደመወዝ፣ ጀልባና ነዳጅ፤ መልሕቅ ኮራሉን እንዳይሰብር ቋሚ ማሰሪያ፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ የዱንጎናብና የመሐመድ ቆል መንደሮች ዓሣ አጥማጆች በውሳኔው ወንበር ማግኘት። ዱጎንጉ የሚግጥበትን ሣር ከማንም በላይ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ ፓርኩ ኑሯቸውን ከነጠቃቸው ግን ጠባቂ ሆነው ሊቆሙለት አይችሉም።

የ1972ቱ የዓለም ቅርስ ስምምነት እንዲህ ያሉ ቦታዎችን መጠበቅ የመላው ዓለም ማኅበረሰብ ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል። ፈራሚዎቹ ግዴታውን ለመወጣት ሰላም እስኪወርድ ሊጠብቁ አይገባም፤ ኮራል ከተሰበረ በኋላ የሚመጣ ገንዘብ የዘመናትን ሥራ መልሶ አይገነባም።