ድርጅቱ ብር አለው፤ ታዲያ መድኃኒቱ ለምን አነሰ?

በቴሌብር 100 ብር ለአንድ የጤና በጎ አድራጎት ድርጅት ስትልኩ «ከዚህ ውስጥ ስንቱ ለታካሚው ይደርሳል?» ማለታችሁ አይቀርም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን መልሱ ባለፉት ዓመታት ተቀያይሯል፤ እስቲ እንየው።

በ2001 ዓ.ም የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ አዘዘ። «70/30» የሚባለው ይሄ ነው። ሲሰሙት ደስ ይላል። ጣጣው የመጣው በ2003 መመሪያ ወጥቶ «አስተዳደር» ማለት ምን እንደሆነ ሲተረጎም ነው። እንደ ትራንስፖርት፣ ሥልጠናና ክትትል ያሉ ወጪዎች እዚያ ውስጥ ገቡ። ገጠር ድረስ ሄዶ ዓይን ለሚያክም ቡድን ግን ነዳጅ ሥራው ራሱ ነው እኮ! ትልቁ ድርጅት እንደምንም ይችለዋል። ትንሹ ግን አንድ ሒሳብ ሠራተኛ፣ አንድ መኪናና የቢሮ ኪራይ ካለበት 30ው ወዲያው ይሞላበታል።

በ2011 አዋጅ 1113 ተተካ። ጣሪያው ወደ 20 በመቶ ወረደ። ጠበቀ ማለት ነው? አይደለም፤ ትርጉሙ ነው የተስተካከለው። ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዘ ወጪ ብቻ አስተዳደራዊ ተባለ። ድርጅቶች ነግደው ገቢ እንዲያገኙም ተፈቀደ።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 መጣ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ 120 አለፈ። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ከውጭ ለሚገባ መድኃኒት 1 ሚሊዮን ብር ያስቀመጠ ድርጅት በፊት 17,500 ዶላር ገደማ ነበረው። ዶላሩ 120 ሲደርስ 8,300 ገደማ ሆነ። የባንክ ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር አልተነካም፣ ማንም አልሰረቀም፤ የሚገዛው ግን ከግማሽ በታች ሆነ።

በዶላር የሚረዱት ለጊዜው ተጠቀሙ። ብዙም አልቆየ፤ ጥር 2017 ላይ አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ለ90 ቀናት አቆመች። አንድ ለጋሽ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ድርጅት ደመወዝ መክፈል ያቅተዋል፤ የሰለጠነ ነርስ ደግሞ ሦስት ወር ቁጭ ብሎ አይጠብቅም።

ስለዚህ «ዘንድሮ ብዙ ሰበሰብን» የሚል ፖስት ስታዩ አትቸኩሉ። ድርጅቶች በየዓመቱ የኦዲት ሪፖርት የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። የሦስት ዓመቱን ጠይቁ፤ ከብሩ ጎን ስንት ሰው እንደታከመ ያሳዩዋችሁ።