«ማን ቢበድል ነው?»

ከሜክሲኮ ወደ ጀሞ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። አንዲት እናት ዘጠኝ ዓመት የሚሆነውን ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። ልጁ እጆቹን ያርገበግባል፤ አንድ ድምፅ ደጋግሞ ያሰማል፤ ረዳቱ «ሂሳብ!» ሲል ደግሞ ጆሮውን ይይዛል። አጠገባቸው የተቀመጡ ነጠላ የለበሱ እናት ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከቦርሳቸው ብስኩት አውጥተው ሰጡት፤ ራሱን ዳበሱት፤ ከዚያም ከልባቸው አዝነው «ልጄ፣ ምን በድለሽ ይሆን? ንስሐ ግቢ እንጂ» አሏት። ከኋላ ወንበር ሁለት ሰዎች «እውነት ነው» ብለው ደገፏቸው። እናቲቱ መልስ አልሰጠችም። ሳር ቤት ስንደርስ «ወራጅ አለ» ብላ ወረደች። የከፈለችው እስከ ጀሞ ነበር።

ቃሉ ከክፉ ሰው የመጣ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጀምረውም ነበር። የመጣው ከዚያ ሁሉ ተሳፋሪ መካከል እጅግ ሩኅሩኅ ከሆኑት ሴት አፍ ነው። አገራችን ውስጥ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ የወለደች እናት የመጀመሪያው ጥያቄ የሚቀርብላት ከሐኪም አይደለም፤ ከጎረቤት፣ ከአማት፣ አንዳንዴም ከንስሐ አባት ነው። ጥያቄውም አንድ ነው፤ ማን ቢበድል ነው?

ጉዳዩን ማጠያየቅ ስጀምር ያገኘኋት ሌላ እናት አለች። ልጇ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም እንዳለበት የተነገራት በስድስት ዓመቱ ነው። «ዓመታት ሙሉ እግዚአብሔር ዱላ ይዞ በራፌ ላይ የቆመ ይመስለኝ ነበር» አለችኝ። «ሌሊት ተነሥቼ ኃጢአቴን እቆጥራለሁ። በልጅነቴ ከአክስቴ መሶብ ሳላስፈቅድ ያነሣሁትን እንጀራ ሳይቀር ቆጥሬያለሁ። ባለቤቴም የራሱን ይቆጥራል። ከዚያ የማንኛችን ይብሳል ብለን እንጣላለን። ትዳራችን የፈረሰው በዚህ ቆጠራ ነው።»

ጠበል ወስዳዋለች፤ አንድ ቦታ ብቻም አይደለም። «ጠበሉን አልጠላሁም፤ ዛሬም እሄዳለሁ። የጠላሁት ልጄ ላይ መጮኻቸውን ነው። ‹ተናገር! ማን ነህ?› ይሉታል። ልጄ መናገር አይችልም። ዝም ሲል እልኸኛ ጋኔን ነው ተባለ።»

ነገሩ የተለወጠላት ቤት ቀይራ ሌላ አጥቢያ ስትገባ ነው። አዲሱ የንስሐ አባቷ ሽማግሌ ናቸው። «ኃጢአቴን ሁሉ ዘረዘርኩላቸው፤ መጨረሻ ላይ ልጄን ጠቀስኩ። ዝም ብለው ቆዩና ‹የነገርሽኝን ሁሉ ሰምቻለሁ። ይህኛው ግን ኃጢአት አይደለም፤ ልጅ ነው። እሑድ አምጪው፣ ይቁረብ› አሉኝ። የዚያን ቀን ያለቀስኩትን ልቅሶ እናቴ ስትሞት አላለቀስኩትም።»

ልጁ ሲቆርብ አይቻለሁ። በሴቶች በኩል፣ ከኋላ፣ ከግድግዳው ተጠግተው ይቆማሉ። ቃጭል ሲመታ ስለሚደነግጥ እናቱ ጆሮውን የሚሸፍን ወፍራም ኮፍያ ታደርግለታለች፤ ቁርባን ሲደርስ ታወልቅለታለች። ካህኑ ዘንድ ሲቀርብ ጥርሱን ገጠመ። ቄሱ አልተቆጡም፤ ጠበቁት። ከኋላ የተሰለፉት ሕፃናትና እናቶች ጠበቁ። ኋላ ላይ አፉን ከፈተ፤ ተቀበለም፤ እናቱ በነጠላዋ ጫፍ አፉን ሸፈነችለት።

ይህን የመሰለ አባት ትምህርቱን ከውጭ አላመጣውም። የቅጣት ፍርሃት በሕዝባችን ዘንድ ሥሩ ጥልቅ ነው፤ ፍቅሩም ግን ከዚያው መሬት የበቀለ ነው። ላሊበሎችን እናስታውስ፤ ሐሚና የሚሏቸውም አሉ። ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ ቆመው እያዜሙ ይለምናሉ፤ ይመርቃሉ። ይህን ልማድ ያቋረጠ ሰው ሥጋ ደዌ ይይዘዋል ተብሎ ይታመን ስለነበር ደህና ኑሮ ያለው ሁሉ ሳይቀር ይወጣ ነበር። አንድ ዘር በሙሉ ደዌን እየፈራ ለትውልዶች በሌሊት ተነሥቶ ዘፈነ። ሥጋ ደዌ በባክቴሪያ የሚመጣና በመድኃኒት የሚድን በሽታ መሆኑ ዛሬ ይታወቃል።

በአንጻሩ ደግሞ ከጣና ዳር፣ ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የገባ ሰው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ በላዔ ሰብእን ተሥሎ ያገኘዋል። 78 ነፍስ የበላ ሰው ነው። ለአንድ በውኃ ጥም ለተቃጠለ ሕመምተኛ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ በመስጠቱ የነፍሱ ሚዛን እንዴት ወደ ምሕረት እንዳጋደለለት የማያውቅ ምእመን የለም። የኔን ሐሳብ የሚይዘው የሕመምተኛው ማንነት ነው፤ ያ ሰው ሥጋ ደዌ የያዘው ነበር። ይህ ታሪክ በየዓመቱ የካቲት 16 ይነገራል። 78 ሰው የበላን የማረ አምላክ፣ አንዲት ሴት በልጅነቷ መሶብ ስለከፈተች ከዓመታት በኋላ የማኅፀኗን ፍሬ ይሰብራል ብሎ ማመን ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?

ከዚህም የሚጠልቅ አለ። ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ የሆነው ማር ይስሐቅ በአገራችን ገዳማት ለብዙ ዘመን ሲነበብ ኖሯል፤ የአማርኛ ትርጓሜም አለው። ጸሐፊው ማር ይስሐቅ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ዛሬ ቀጠር በምንላት አካባቢ ተወለደ፤ በዛሬዋ ኢራቅ ነነዌ ላይ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ፤ አምስት ወር ብቻ ቆይቶ ሹመቱን ትቶ ተራራ ወጣ። በንባብ ብዛት ዓይኑ እንደ ጠፋ ታሪኩን የጻፉለት ይናገራሉ። ይህ ዓይነ ስውር መነኩሴ ነው እንግዲህ፣ በወንጌሉ ምሳሌ በአሥራ አንደኛው ሰዓት የመጡት ሠራተኞች እኩል ደመወዝ እንደ ተቀበሉ፣ የጠፋው ልጅ እንደ ተሳመ እያስታወሰ፣ እግዚአብሔርን እንደ ቂመኛ ዳኛ ማሰብን አጥብቆ የተቃወመው። መጽሐፉን ሳነብ ብዙ ጊዜ ያቺ ሳር ቤት የወረደች እናት ፊቴ ትመጣለች።

ሙስሊም ወገኖቼም ይህን ምሕረት ያውቁታል። ከቁርኣን 114 ሱራዎች 113ቱ የሚከፈቱት እጅግ በጣም ሩኅሩኅ፣ እጅግ በጣም አዛኝ በሆነው በአላህ ስም ነው። ዐበሰ የተባለው ሱራም የወረደው ስለ አንድ ዓይነ ስውር ክብር ነው፤ ያ ሰው ኋላ አዛን አድራጊ ሆኗል።

ፈሪሃ እግዚአብሔር ይጥፋ የሚል ሰው አይደለሁም። በሐሰት ከመመስከር፣ የድኻ መሬት ከመግፋት የሚያስቆም ፍርሃት ይኑር፤ እንዲያውም ይብዛልን። የምቃወመው ከበደል የማያስቆመውን፣ ነገር ግን በሽተኛን የሚያስደብቀውን ፍርሃት ነው።

መደበቁ ደግሞ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ሁለት ክሊኒኮች የተጠየቁ፣ እንዲህ ያሉ ልጆች ያሏቸው 102 አሳዳጊዎች ለልጆቻቸው ሁኔታ የሰጡት ምክንያት የተደባለቀ ነበር፤ የወሊድ ችግርና የጭንቅላት ጉዳት ከርኩስ መንፈስና ከኃጢአት ጋር ጎን ለጎን ተጠቅሰዋል። ከአራቱ አንዱ ያህል የልጁን ሁኔታ ከሰው ለመሰወር እንደሚጥሩ ተናግረዋል። እነዚህ እንኳ ክሊኒክ የደረሱት ናቸው።

አንዳንዱ «የእግዚአብሔር ቁጣ» ደግሞ በገበያ የሚሸጥ ነገር ከማጣት የሚመጣ ነው። ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን ካጣች የፅንሱ አእምሮ ይጎዳል፤ ደጋው አገራችን ደግሞ አዮዲን አጥ ነው፤ እንቅርቱ ምስክር ነው። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው የ1990 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ በአዮዲን የበለጸገው የኤርትራ ጨው ቀረብን፤ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በዚያ መካከል ስንት እናት ሳትበድል ንስሐ ገባች?

የሃይማኖት ተቋም ኃላፊ የሆኑ አንድ ሰው ቢሮ ሄጄ፣ ካህናት ስለ እነዚህ ልጆች ምን ይማራሉ ብዬ ጠይቄ ነበር። «ጥያቄዎን በደብዳቤ ያስገቡ» አሉኝ። አስገባሁ፤ ማኅተም ተመታበት። መልስ ግን የለም። ደጋግሜ ስደውል «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ።

ከመድረክ የሚነገር ቃል ዋጋ እንዳለው ግን በኤች አይ ቪ ጊዜ አይተናል። ያኔም «መቅሠፍት ነው» ይባል ነበር፤ ነፃ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2005 ከመጣ በኋላ እንኳ እንጦጦ ጠበል የገቡ ብዙዎች መድኃኒቱን መውሰድ እምነት ማጉደል መስሏቸው ጣሉት። እ.ኤ.አ. በ2007 የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናገሩ። የሐኪም ምክር ያልደረሰበት ጆሮ ይህን ሰማ።

ለእነዚህ ልጆች እንዲህ ያለ የአደባባይ ድምፅ የሆኑት ሹመት የሌላቸው እናት ነበሩ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ ልጃቸውን ይዘው በቴሌቪዥን ወጡ፤ እርግማን አይደለም እያሉ እስከ 2013 ዓ.ም. ዕረፍታቸው ድረስ ተናገሩ። ዛሬም ማዕከላቱ ጥቂት፣ ተጠባባቂው ብዙ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች የገባው ቃል አለ፤ አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች ስምምነት ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ቤት ተዘግቶባቸው የሚያድጉት ልጆች ግን ትምህርትም፣ ሕክምናም፣ የልደት ድግስም አያውቁም።

አባቶቻችን ሆይ፣ በመጪው የካቲት 16 ስለ በላዔ ሰብእ ስትሰብኩ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምሩልን። ልጆቻቸውን ቤት ቆልፈው ለመጡት እናቶች፣ ልጃቸው ቅጣት እንዳልሆነና በሚቀጥለው እሑድ ይዘውት እንዲመጡ በግልጽ ንገሯቸው።