ተመልሶ የሚሄድ ምስክር

ዕለቱ ሐሙስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ሜይ 30 ቀን 2013። የቺካጎ ሰን ታይምስ ጋዜጣ ፎቶ አንሺዎች በጠዋት ለስብሰባ ተጠሩ። ስብሰባው አልረዘመም። ሲበተን 28ቱም ቋሚ ፎቶ አንሺዎች ሥራ አጥ ሆነው ወጡ። ድርጅቱ አንባቢዎች ከዜናው ጋር ቪዲዮ እየፈለጉ መምጣታቸውን በምክንያትነት ጠቀሰ። ብዙም ሳይቆይ ዜና ጸሐፊዎቹ በአይፎን ፎቶ ማንሳት የሚማሩበት ሥልጠና እንደተዘጋጀላቸው ተነገራቸው።

ከተሰናበቱት አንዱ ጆን ኤች. ዋይት ናቸው። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 68 ነበር። በጋዜጣው ውስጥ 35 ዓመት ሠርተዋል፤ በ1982 ለጋዜጠኞች የሚሰጠውን የፑሊትዘር ሽልማት ተቀብለዋል። ስለ እኚህ ሰው ሳነብ ከሽልማቱ ይልቅ ልቤ ውስጥ የቀረው የልጅነታቸው ታሪክ ነው። የመጀመሪያ ካሜራቸውን በ13 ዓመታቸው የገዙት በ50 ሳንቲምና በ10 የማስቲካ መጠቅለያ ነበር። በ14 ዓመታቸው የሚሄዱበት ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ። አባታቸው ሁለት ነገር አዘዟቸው፦ ፍርስራሹን ፎቶ እንዲያነሡ፤ ቤተ ክርስቲያኑ እንደገና ሲሠራም እንዲያነሡ።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ሁለተኛው ትእዛዝ ነው። የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ሥራ እሳቱ በሚነድበት ሰዓት መገኘት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስልክ በኪሱ የያዘ ሁሉ በሠራው ነበር። እሳቱ ከጠፋ በኋላ በማግስቱ፣ በወሩ፣ በዓመቱ ተመልሶ የሚሄደው ግን ለዚያ ደመወዝ የሚከፈለው፣ ስሙ ከፎቶው ሥር የሚጻፍና ቢሳሳት የሚጠየቅ ሰው ነው። ዲጂታሉ ዘመን ካሜራን ለሁሉም ባደለበት ሰዓት ጋዜጦች የቀነሱት ይህን ሰው ነው።

ፎቶ አንሺዎች አዲስ መሣሪያ ፈርተው አያውቁም። የዜና ወኪሉ አሶሺዬትድ ፕሬስ በሽቦ መስመር ለጋዜጦች ፎቶ ማሠራጨት የጀመረው በ1935 መባቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ለግማሽ ምዕተ ዓመት የፎቶ አንሺው ውሎ ብዙም አልተለወጠም። ፊልሙን እየቆጠበ ያነሣል፤ ጨለማ ክፍል ገብቶ ያጥባል፤ ኔጋቲቩን ወደ ብርሃን አስጠግቶ ይመርጣል፤ ያትማል። ሩቅ አገር የተላከ ከሆነ የሆቴሉን መታጠቢያ ቤት ጨለማ ክፍል ያደርገዋል። ምቱ የተቆጠረ ስለሆነ ጣቱ ከመጫኑ በፊት ዓይኑ መወሰን ነበረበት።

የኮዳኩ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን በ1975 የሠራው ዲጂታል ካሜራ አንዲት ምስል ካሴት ላይ ለመመዝገብ 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። ኮዳክና አሶሺዬትድ ፕሬስ በ1994 ለዜና ሥራ ያወጡት ካሜራ ዋጋ ከ15 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። በ1999 ኒኮን ዲ1 የተባለው ዲጂታል ካሜራ በ5 ሺህ ዶላር ገደማ ሲቀርብ የየጋዜጣው ጨለማ ክፍል አንድ በአንድ ተዘጋ፤ ኬሚካል ሲያሸት የኖረው ሰው ላፕቶፕ ተሸከመ። የኳስ ጨዋታው ሳያልቅ ፎቶው አዘጋጁ ጠረጴዛ ላይ የሚደርስበት ዘመን ነውና ብዙዎቹ በደስታ ተቀበሉት።

የተረፈው ጊዜ ግን ለእነርሱ አልሆነም። ፎቶውን ማረም፣ መግለጫውን መጻፍ፣ ቪዲዮ መቅረጽ፣ ድምፅ መቅዳት፣ ለድረ ገጹ ተጨማሪ ፎቶዎችን መርጦ መላክ፣ ለማኅበራዊ ሚዲያው ደግሞ ሌላ ማዘጋጀት ሁሉም የፎቶ አንሺው ድርሻ ሆነ። ቀድሞ የጨለማ ክፍል ሠራተኛው፣ ላኪውና የፎቶ አዘጋጁ ከእርሱ ጋር ይካፈሉት የነበረው ሥራ በአንድ ትከሻ ላይ ወደቀ። ቀድሞ ማተሚያው ሲነሣ የቀኑ ሥራ ያበቃ ነበር። ድረ ገጽ ግን የሚዘጋበት ሰዓት የለውም።

በዚህ ላይ ገንዘቡ ደረቀ። የአሜሪካ ጋዜጦች ከኅትመት ማስታወቂያ በ2005 ከ47 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያገኙ ነበር፤ በ2012 ገቢው ወደ 19 ቢሊዮን ገደማ ወረደ። ጥቃቱ በሁሉም ላይ ቢደርስም እኩል አልነበረም። በአሜሪካ የጋዜጣ አዘጋጆች ማኅበር ቆጠራ መሠረት ከ2000 እስከ 2012 የዜና ጸሐፊዎች ቁጥር በ32 በመቶ ሲቀንስ፣ የፎቶ አንሺዎች፣ የሥዕል ባለሙያዎችና የቪዲዮ ቀራጮች ቁጥር ከ6,171 ወደ 3,493 ወርዷል። ይህ የ43 በመቶ ቅነሳ ነው።

በቅነሳው ፎቶ አንሺው ለምን ቀደመ? ምትክ ያለው ስለመሰለ ነው። በ2005 የለንደን ባቡሮችና አውቶቡስ በቦምብ ሲመቱ ከምድር ውስጥ ባቡሩ ዋሻ የወጡት ምስሎች በተሳፋሪዎች ስልክ የተነሡ ነበሩ። በ2009 ኒውዮርክ ውስጥ ሀድሰን ወንዝ ላይ ያረፈውን አውሮፕላን ዓለም መጀመሪያ ያየው በጀልባ ላይ ከነበረ ሰው ስልክ ነው። እነዚህ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ያ ሰዓት ያለ ምስክር ያልፍ ነበር፤ ሊመሰገኑ ይገባል። ተሳፋሪው ግን ያየውን አንሥቶ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። የከተማውን ምክር ቤት ስብሰባ ለአምስት ሰዓት ተቀምጦ የሚጠብቅ፣ ልጇ የተገደለባትን እናት በሠልስቱም በሙት ዓመቱም የሚጎበኝ መንገደኛ የለም። አዘጋጅም መንገደኛን ነገ ተመልሰህ ሂድ ብሎ ሊልከው አይችልም።

ቺካጎ ይህን ቶሎ አየችው። ሰን ታይምስ በፍሪላንስ ፎቶ አንሺዎችና በጸሐፊዎቹ ስልክ መሥራት ሲጀምር የከተማዋ ሰዎች የፊት ገጹን ከተፎካካሪው ትሪቢዩን የፊት ገጽ ጎን አድርገው ማነጻጸር ያዙ። በዚያው በ2013 ማብቂያ ከሠራተኞች ማኅበሩ ጋር በተደረሰ ስምምነት ጋዜጣው አራት ፎቶ አንሺዎችን መልሶ ለመቅጠር ተስማማ። ከ28 አራት።

ቋሚ ሥራ ያጣው ፎቶ አንሺ ብዙውን ጊዜ ሙያውን አይተውም፤ በቀን ሒሳብ መሥራት ይጀምራል። ካሜራውንና ሌንሱን የሚገዛው ከኪሱ ነው፤ ቢሰበር የሚያሠራውም፣ ቢታመም የሚታከመውም በራሱ ነው። ያነሣውን ፎቶ ሌላው ሲወስደው የሚከራከርለት ድርጅትም ከኋላው የለም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2010 ሄይቲ በርዕደ መሬት ስትመታ ትውልደ ሄይቲው ፎቶ አንሺ ዳንኤል ሞሬል ከፍርስራሹ መካከል ያነሣቸውን ምስሎች በትዊተር አወጣ። ምስሎቹ በሌላ ሰው ስም ወደ ዜና ወኪሉ አዣንስ ፍራንስ ፕሬስና ወደ ፎቶ አከፋፋዩ ጌቲ ኢሜጅስ ገቡ፤ በዓለም ጋዜጦች ላይም ታተሙ። ሞሬል መብቱን ለማስከበር ኒውዮርክ ፍርድ ቤት ድረስ ዓመታት ተመላለሰ፤ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2013 ዳኞቹ 1.2 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱለት። ስንቱ ፎቶ አንሺ ለዚህ የሚሆን አቅምና ትዕግሥት አለው?

ከገንዘብ በላይ የሚከብደው እምነት ነው። በ2003 የሎስ አንጀለስ ታይምስ ፎቶ አንሺ ብራያን ዎልስኪ ኢራቅ፣ ባስራ አጠገብ ያነሣቸውን ሁለት ምስሎች በኮምፒውተር አዋሕዶ አንድ አድርጎ ላከ። ፎቶው ከታተመ በኋላ ከበስተ ጀርባ ያሉ ሰዎች ሁለት ሁለት ጊዜ መታየታቸው ሲታወቅ ከሥራ ተባረረ። ቅጣቱ ከባድ ነበር፤ ግን የሚቀጣ መኖሩ ራሱ ዋስትና ነው። ዛሬ የዓለም ፕሬስ ፎቶ ውድድር ለመጨረሻው ዙር ከሚደርሱት ፎቶ አንሺዎች ካሜራው በመጀመሪያ የመዘገበውን ፋይል ይጠይቃል። ያልነበረ ሰውና ያልሆነ ነገር ኮምፒውተር በሚፈበርክበት በዚህ ወቅት «እኔ እዚያ ነበርኩ» ብሎ ስሙን የሚሰጥ ሰው ዋጋው ይጨምራል። በእኛም የሽምግልና ወግ ከሰሚ ይልቅ የዓይን ምስክር የሚጠራው ቀርቦ ስለሚጠየቅ ነው።

ወደ አገራችን ስመለስ አንድ ፎቶ ዓይኔ ላይ ይመጣል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች አለቁ። በዚያው ቀን አየር መንገዱ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ከስብርባሪው መካከል ቆመው የሚታዩበት ምስል በትዊተር አወጣ፤ ዓለምም ያንን ተቀባበለው። ከአራት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 5፣ የአሶሺዬትድ ፕሬሱ ኢትዮጵያዊ ፎቶ አንሺ ሙሉጌታ አየነ በስፍራው ነበር። ዘመዷን ያጣች አንዲት ሴት አፈር እያፈሰች ፊቷ ላይ ስትበትን አነሣት። ፎቶው እ.ኤ.አ. በ2020 ለዓለም የዓመቱ የፕሬስ ፎቶ ከታጩት አንዱ ሆነ። ትቢያ ነስንሶ ማልቀስ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ያ ምስል ሐዘናችንን በእኛው ወግ ለዓለም ነገረ። ከአራት ቀን በኋላ እዚያ የሚቆም ሰው ባይኖር ከአደጋው የሚቀርልን ጉድጓዱና ብረቱ ብቻ ይሆን ነበር።

የአማርኛ ጋዜጣና መጽሔት ስገልጥ ግን ከፎቶው ሥር «ከማኅበራዊ ሚዲያ የተገኘ» የሚል መስመር ደጋግሞ ያጋጥመኛል። የመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ፎቶ ከመሥሪያ ቤቱ ፌስቡክ ይወሰዳል፤ የተመረቀው ድልድይ ፎቶ ካስመረቀው አካል ይመጣል። ባለ ጉዳዩ ራሱ መርጦ የሰጠንን ምስል እያተምን እኛ አየን ልንል አንችልም። ድልድዩ ከተመረቀ ከሁለት ዓመት በኋላ ምን እንደሚመስል የሚያሳየን ፎቶ ማንም በፌስቡክ አያወጣልንም።

ፎቶ አንሺ መላክ መኪና፣ ነዳጅና አበል ይጠይቃል፤ ጋዜጦቻችን ድሆች እንደሆኑ አውቃለሁ። ቢሆንም በዓመት ጥቂት ጊዜ እንኳ አንድ አዘጋጅ ለአንድ ፎቶ አንሺ ጉዳዩን ሰጥቶ፣ ስሙን ጽፎ፣ ተገቢውን ከፍሎ ሊልከው ይችላል። ሲመለስ ደግሞ ያ አባት ለ14 ዓመት ልጃቸው የሰጡትን ሁለተኛ ትእዛዝ ይስጠው፦ እንደገና ሲሠራም ሄደህ አንሣ።