ጋዙ የት ሄደ?

ሱሉልታ ካሉ ወተት ሰብሳቢዎች ስልክ ሲደወልልኝ መጀመሪያ የምሰማው «ጋዝ ጨርሷል፣ ና ሙላልን» የሚል ነው። የማቀዝቀዣ ጋዝ ግን እንደ ቤንዚን ነድዶ አያልቅም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ እየተነነና መልሶ ፈሳሽ እየሆነ ሲዞር ይኖራል። ጎደለ ማለት አመለጠ ማለት ነው።

በዐቢይ ጾም እንዲህ ያለው ጥሪ ይበዛል። ጾም ሲገባ ወተት ገዢ ያጣል፤ ላሟ ግን አትጾምም። ታንኩ አፉ ድረስ ሞልቶ የሚያድረው ያኔ ነው፤ የደከመ ማቀዝቀዣም የሚጋለጠው ያኔ ነው። ዘንድሮ አንዱ ጋ ስደርስ ከኮምፕረሰሩ የሚወጣው የመዳብ ቱቦ ከብረት ማቀፊያው ጋር እየተፋተገ ሳስቶ አገኘሁት። ዙሪያው ዘይት ጠጥቶ አቧራ ለብሷል። ዘይት ከወጣ ጋዝም አብሮት ወጥቷል። የሳሙና ውሃ ሳስነካው ደቃቅ አረፋ እየነፋ መጣ። ቱቦውን ቆርጦ መበየድና ጎማ አስገብቶ ማሰር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እዚያ ታንክ ላይ ግን በየጥቂት ወሩ አር-22 የሚባለው ጋዝ ሲሞላበት ነው የኖረው። የታንኩ ባለቤት እማማ፣ «ልጄ፣ የበፊቱ እኮ ቶሎ ሞልቶልኝ ይሄድ ነበር፤ አንተ ምነው ቀኑን ሙሉ አስቀመጥከኝ?» አሉኝ።

ከዚያች ቱቦ ያመለጠው ሁሉ በአገር ሒሳብ ፍጆታ ተብሎ ተይዟል። የኦዞን ሽፋንን ለመጠበቅ በተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ቀመር ፍጆታ ማለት የተመረተውና ከውጭ የገባው ተደምሮ፣ ወደ ውጭ የተላከው ሲቀነስ ነው። እኛ ጋዙን አናመርትም። ስለዚህ ፍጆታችን በጉምሩክ በኩል በሲሊንደር የገባው ኪሎ ነው ማለት ይቻላል። አዲስ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ይግባ ወይም በተቀደደ ቱቦ ይፍሰስ፣ ቁጥሩ አይለየውም። በሌላ በኩል በፍሪጅና በኤርኮንዲሽነር ሆድ ተሞልቶ የሚገባው ጋዝ በእኛ ፍጆታ ላይ አይደመርም። የሚደመረው መሣሪያው አፍስሶት እኛ ለመተካት ሌላ ሲሊንደር ስንከፍት ነው። ጋዝ የማስገባት ኮታ ስለ አስመጪዎች ብቻ የሚመስለው ሰው ይሄን ልብ አይለውም፤ ቁጥሩ የሚወሰነው ከሁሉ በላይ በጥገና ቤት ነው።

ኮታው ደግሞ እየጠበበ ነው። ኢትዮጵያ ፕሮቶኮሉን የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1994 ሲሆን አዋጅ ቁጥር 716/2003 ከወጣ ወዲህ የራሷ ሕግም አላት። ለታዳጊ አገሮች ኦዞንን የሚጎዱት የእነ አር-22 ፍጆታ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ከመነሻው በ67.5 በመቶ መቀነስ ነበረበት፤ በ2030 ለነባር መሣሪያ ጥገና ከምትተው ጥቂት በቀር ይዘጋል። ምትክ ተብለው የመጡት አር-134ኤና አር-404ኤ ኦዞንን ባይነኩም ምድርን ያሞቃሉ። በሰበታ አካባቢ አበባ እርሻዎች ቀዝቃዛ ክፍል ብዙ ጊዜ የማገኘው አር-404ኤ፣ አንዱ ኪሎ በመቶ ዓመት ስሌት ከ3,900 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በላይ ያሞቃል። እነዚህም በፕሮቶኮሉ የኪጋሊ ማሻሻያ መሠረት ከ2024 ጀምሮ ጣሪያ ተበጅቶላቸዋል፤ በ2029 10 በመቶ ይቀነሳሉ።

ዕቃ ሲጠፋ ዋጋው ይወጣል፤ ዋጋው ሲወጣ ደግሞ አስመሳዩ ይመጣል። የለመድነው 13.6 ኪሎ የሚይዘው ሲሊንደር ቀድሞ በቀለሙ ይታወቅ ነበር፤ አር-134ኤ ውሃ ሰማያዊ፣ አር-22 ፈዛዛ አረንጓዴ። አሁን ዓለም ሁሉንም ወደ አንድ ግራጫ እያዞረ ስለሆነ የሚቀረው ጽሑፉ ነው፤ ጽሑፍ ደግሞ ማንም ያትማል። ጌጅ ማሰርም ሁልጊዜ አያድንም። በ20 ዲግሪ ሙቀት አር-134ኤና የጥንቱ አር-12 የሁለቱም ፍጹም ግፊት 5.7 ባር አካባቢ ነው፤ መርፌው አይለያቸውም። የባሰው እ.ኤ.አ. በ2011 ታይቷል። አር-134ኤ ተብሎ ቬትናም ውስጥ በመርከብ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች የተሞላ ጋዝ ሜቲል ክሎራይድ የተቀላቀለበት ነበር። ከኮምፕረሰሩ አሉሚኒየም ጋር ተዋሕዶ አየር ሲነካው የሚነድ ነገር ፈጠረና ኮንቴይነሮች ፈነዱ፤ የሞቱት እንደ እኔ ያሉ ጠጋኞች ናቸው። ያለ ደረሰኝ «ለአንተ በቅናሽ» የሚባል ሲሊንደር ሲቀርብልኝ ይሄ ነው ትዝ የሚለኝ።

እዚህ ከፍታ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ማንም ሲያወራው አልሰማም። በእጃችን ያሉት የግፊት ሠንጠረዦች የተሠሩት ለባሕር ወለል ነው። ሱሉልታ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ጌጃችንም ከሠንጠረዡ ወደ 4 ፒኤስአይ ከፍ አድርጎ ያነባል። 20 ከዜሮ በታች መቀዝቀዝ ያለበት የአር-134ኤ ፍሪጅ በሠንጠረዡ 4.6 ያህል ማንበብ ሲገባው እዚያ ከ8 በላይ ያሳያል። ይሄን የማያውቅ ልጅ «በዝቷል» ብሎ ቫልቩን ወደ አየር ይከፍትና መርፌው ሠንጠረዡ ላይ እስኪደርስ ያስወጣል። ፍሪጁ ይደክማል፤ በሳምንቱ ሌላ ሰው መጥቶ እንደገና ይሞላዋል። ሚዛን ቢኖር ግን ከመሣሪያው ላይ የተለጠፈውን ግራም አይቶ ያንኑ መመዘን ነው። ከጌጅ ይልቅ ሚዛን ያላቸው ጠጋኞች ቢበዙ ከብዙ ሥልጠና የተሻለ ለውጥ ይመጣል ባይ ነኝ።

ቡራዩ የቤት ፍሪጅ ይበዛል። አዲሶቹ አር-600ኤ፣ ማለት አይሶቡቴን ነው የሚይዙት፤ 50 ግራም ቢሆን ነው። ኮታ የለበትም፣ ምድርንም አያሞቅም ለማለት ይቻላል። ግን ይነዳል። ችቦ ለኩሶ ለመበየድ የሚቸኩል ሰው እጅ ከገባ አደጋ ነው፤ ፈርቶ በአር-134ኤ የሚሞላው ደግሞ ኮምፕረሰሩን ይገድለዋል።

እኔ የሞላሁትን በግራም፣ የፈሰሰበትን ቦታና የጋዙን ዓይነት እጽፋለሁ። መዝገቤን እስካሁን አገላብጦ ያየው የግብር ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የፈለገው ሌላ ነገር ነው። ጋዝ ሻጩ አዲስ ሲሊንደር ከመስጠቱ በፊት «ያለፈው የት ገባ?» ብሎ መዝገብ ቢጠይቅ፣ ጉምሩክ የማያየውን ሁሉ ያን ጊዜ እናየው ነበር።

ከአሮጌ መሣሪያ ተመጦና ተጣርቶ ዳግም የሚሞላ ጋዝ በፕሮቶኮሉ ፍጆታ ተብሎ አይቆጠርም፤ ኮታ አይነካም። ሰበታና ቡራዩ ካሉ ባልደረቦቼ ጋር አንድ መምጠጫ ማሽን በጋራ ለመግዛት እያወራን ነው። አሮጌ ፍሪጅ የሚሄደው ግን ወደ እኛ ሳይሆን ወደ ቁራሌው ነው። እሱ ኮምፕረሰሩን የሚያወጣው ቱቦውን በመጋዝ ቆርጦ ነው፤ ጋዙ ፉጭ ብሎ ይሄዳል። ቡራዩ ገበያ አጠገብ የሚሠራውን አንዱን «ወንድሜ፣ ሳትቆርጥ ወደ እኔ አምጣውና መጥጬ እመልስልሃለሁ» አልኩት። «ለጋዙ በኪሎ ስንት ትከፍላለህ?» አለኝ። ዋጋ ላይ ገና አልተስማማንም።